ከሐሳብ ወደ አጭር ቪዲዮ፦ በአማርኛ ለሚሠራ ሰው የትኛው የኤአይ መንገድ ያዋጣል?

የኤአይ ቪዲዮ መሥሪያ ሲመረጥ ቀድሞ ዓይን የሚይዘው ማስታወቂያው ነው፤ ጭጋግ ውስጥ የሚጋልብ ፈረስ፣ መስታወት ላይ የሚንከባለል የዝናብ ጠብታ። ፈረሱ አማርኛ እንዲናገር የሚጠብቅበት የለም፣ ጠብታውም ፊደል አይጽፍም። የእናንተ ቪዲዮ ግን መናገርም መጻፍም አለበት። መሣሪያዎቹ ከልባቸው የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው፣ የምስላቸው ውበት እምብዛም አያራርቃቸውም።

ሁሉንም በአንድ ሚዛን ለማየት አንድ ሐሳብ እንያዝ፦ በስልክ በቁሙ የሚታይ የ45 ሰከንድ ቪዲዮ፣ ርዕሱ «የኦአርኤስ ፓኬት ካጣችሁ ለተቅማጥ የስኳርና የጨው ውህድ እንዴት ታዘጋጃላችሁ» የሚል። ልኩ የታወቀ ነው፦ 1 ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ ያልተቆለለ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ያልተቆለለ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ለሰው ቀላል ነው፤ ለኤአይ ግን ወጥመዱ ብዙ ነው። ቁጥር አለበት፣ የአገር ቤት ማጀት አለበት፣ ጨው ከበዛ ደግሞ ሕፃን ይጎዳል።

በምን እንመዝን?

አንደኛው የአማርኛ ድምፅ ነው። «አማርኛ እንደግፋለን» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም። ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚቀይረው የማይክሮሶፍት አዙር አገልግሎት መቅደስና አምሃ የሚባሉ ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉት። አንድ መሣሪያ ለአማርኛ የሚያቀርበው አንድ ሴትና አንድ ወንድ ብቻ ከሆነ፣ ስማቸው ምንም ይሁን፣ እነዚያው ሁለቱ የመሆን ዕድላቸው ሰፊ ነው። ለእነሱ ብላችሁ ውድ ምዝገባ አትክፈሉ።

የማሽን ድምፅ ትልቁ ችግር ጥብቀትና ልልነት፣ ማለትም አንድ ፊደል ጠብቆ ወይም ላልቶ መነበቡ ነው። ፊደላችን አይለየውም፤ እኛ ከዓረፍተ ነገሩ እንረዳዋለን፣ ማሽኑ ግን ይገምታል። «ገና» በዓሉ ይሁን «እስካሁን» ለማለት፣ «ሰፊ» ልብስ የሚሰፋው ይሁን የጠባብ ተቃራኒ፣ ዕድል ነው። በእኛ ቪዲዮ ላይ «ውህዱ ይጠጣል» ብትጽፉ ውህዱ ራሱ ጠጪ ሆኖ ሊነበብ ይችላል። መፍትሔው ቃሉን መቀየር ነው፦ «ለሕፃኑ በትንሽ በትንሹ አጠጡት»። አሃዝና ምህጻረ ቃልም እንዲሁ። «1 ሊ.»፣ «½»፣ «ዓ.ም.»፣ «ት/ቤት» ለዓይን ይመቻሉ፣ ለማሽን ጆሮ አይመቹም። ለድምፅ የሚሄደው ጽሑፍ እንዲህ ይሁን፦ «አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ። ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ያልተቆለለ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ እሱም ያልተቆለለ።» «በ24 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ድፉት» ከማለትም «አንድ ቀንና ሌሊት ካለፈው ድፉት» ይሻላል፤ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ለሚያስብ አድማጭም ይጠራለታል።

ሁለተኛው ፊደል ነው። ቪዲዮ ፈጣሪ መሣሪያዎቹ በምስሉ ውስጥ አማርኛ ጻፉ ሲባሉ ፊደል የሚመስል ቅርጽ ይስላሉ፤ ከሩቅ ግዕዝ፣ ከቅርብ ጭረት። ስለዚህ ፕሮምፕቱ (ለመሣሪያው የምትጽፉት ትዕዛዝ) ላይ ምንም ጽሑፍ፣ ታፔላና የጠርሙስ ምልክት እንዳይኖር እዘዙ፤ ፊደሉን በኋላ በኤዲቲንግ ትጨምራላችሁ።

ሦስተኛው ልክነት ነው፦ ቁጥር፣ ቅደም ተከተል፣ የዕቃ ዓይነት። አራተኛው ወጥነት፤ በመጀመሪያው ሾት (ሳይቋረጥ የሚታይ አንድ ቀረጻ) ሰማያዊ ሻሽ ያሰረችው እናት በሦስተኛው አረንጓዴ አስራ እንዳትመጣ።

አምስተኛው ወጪ ሲሆን፣ በወር ክፍያ ከመዘናችሁት ትሳሳታላችሁ። የሚሰላው በአንድ ለአገልግሎት በሚውል ሰከንድ ነው። ለምሳሌ አንድ ምዝገባ በወር 1,000 ክሬዲት (ክሊፕ ሲሠራ የሚቀነስ ነጥብ) ይሰጣል፣ የ8 ሰከንድ ክሊፕ ደግሞ 100 ክሬዲት ይበላል እንበል። 10 ክሊፕ፣ በድምሩ 80 ሰከንድ መሆኑ ነው። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ደህና ቢወጣ 3 ክሊፕ ይቀራችኋል። ከእያንዳንዱም መጀመሪያውና መጨረሻው ተቆርጦ 4 ወይም 5 ሰከንድ ነው የሚወሰደው። የወሩ ክፍያ ተሟጦ በእጃችሁ ያለው 13 ሰከንድ አካባቢ ነው። ለ45 ሰከንድ ሦስት ወር ከምናምን ልትከፍሉ ነው።

ኢንተርኔቱንም ቁጠሩ። በሴኮንድ 8 ሜጋቢት የተጨመቀ የ45 ሰከንድ ቪዲዮ 45 ሜጋባይት ይሆናል፤ ዳታውን የሚጨርሰው ግን እሱ አይደለም፣ ሳይሳኩ የቀሩትን ክሊፖች እየከፈቱ ማየቱ ነው።

ሀ. ከጽሑፍ ቀጥታ ቪዲዮ የሚፈጥሩ

ቬኦ፣ ክሊንግ፣ ራንዌይ፣ ፒካና የመሳሰሉት እዚህ ይመደባሉ። ጽሑፍ ትሰጣላችሁ፣ አጭር ክሊፕ ትቀበላላችሁ። አጭር ስንል በእርግጥ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ይፋ የሆነው ቬኦ 3 ከነድምፁ የሚሰጠው ክሊፕ 8 ሰከንድ ነው፤ ክሊንግም ለረጅም ጊዜ በ5 ወይም በ10 ሰከንድ ነበር የሚሠራው። «የ45 ሰከንድ ቪዲዮ ሥራልኝ» የሚለው ትዕዛዝ እዚህ አይሠራም። ሐሳቡን እናንተው ከ8 እስከ 10 ሾት መከፋፈል አለባችሁ።

ፕሮምፕቱን በእንግሊዝኛ መጻፍ ይሻላል፤ የአማርኛውን የሚረዱት እንኳ ዝርዝሩን ይጥላሉ። አንድ ሾት፣ አንድ ድርጊት፣ አንድ የካሜራ እንቅስቃሴ። የአገር ዕቃን በስሙ ብቻ አትጥሩ። «ጀበና» ብላችሁ ከተዋችሁት የዓረብ ቡና ማንቆርቆሪያ ወይም የሻይ ፖት ሊመጣ ይችላል። ቅርጹን ግለጹ፦ ጥቁር የሸክላ ዕቃ፣ ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ረጅምና ቀጭን፣ አንድ እጀታ ያለው። እንጀራም ካልተብራራ ፓንኬክ ይሆናል፤ ስፋቱን፣ ዓይኑን፣ መሶቡ ላይ መዘርጋቱን ጻፉ።

ወደ ውህዱ እንመለስ። «እናት ስድስት ማንኪያ ስኳር ትጨምራለች» ሲባል የሚወጣው አራት፣ ሰባት ወይም ማለቂያ የሌለው ጨመራ ነው። ሞዴሉ (ቪዲዮውን የሚፈጥረው ኤአይ) ማንኪያ ወደ ውኃ ሲገባ ምን እንደሚመስል ተምሯል እንጂ አይቆጥርም። በዚያ ላይ ስድስት ማንኪያ በወጉ ለመጨመር 8 ሰከንድ አይበቃም። ማምለጫው አንድ ማንኪያ ብቻ የሚጨመርበት የ2 ሰከንድ ሾት አውጥቶ በኤዲቲንግ ስድስት ጊዜ መደጋገምና ጥግ ላይ ከ1 እስከ 6 ቁጥር ማስቆጠር ነው። ያም ቢሆን ማንኪያው ተቆልሎ እንዳይሆን እዩት፤ ሞዴሎቹ ሞላ ያለ ማንኪያ ይወዳሉ። በግልጽ ለመናገር ይህን ሾት ማጀት ገብቶ በስልክ መቅረጽ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም።

አማርኛ ንግግር የምትጠብቁ ከሆነም ተስፋ አታድርጉ። ከክሊፑ ጋር የሚመጣው ንግግር ብዙ ጊዜ አማርኛ የሚመስል ማጉረምረም ነው። የውኃ መንቆርቆሩንና የማንኪያ ኳኳታውን ግን አትጣሉት፤ ከራሳችሁ ትረካ ሥር በዝቅተኛው ሲገባ ቪዲዮውን ሕያው ያደርገዋል።

ለ. ምስልን ወደ ቪዲዮ መቀየር

መሣሪያዎቹ ከላይ ያሉት ራሳቸው ናቸው፤ መነሻው ግን ጽሑፍ ሳይሆን አንድ ፎቶ ነው። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ፎቶው የእናንተ ከሆነ ጀበናው ጀበና፣ ማጀቱም ማጀት ሆኖ ይቆያል፤ ሞዴሉ የሚጨምረው እንቅስቃሴ ብቻ ነው። የሻሹ ቀለም ጉዳይም በአብዛኛው እዚህ ይፈታል፦ የባለታሪኳን አንድ ጥሩ ምስል አዘጋጅታችሁ ለሁሉም ሾት መነሻ አድርጉት።

አንዳንዶች የመጀመሪያውን ክሊፕ የመጨረሻ ፍሬም (ነጠላ ምስል) ለሁለተኛው መነሻ እያደረጉ ይቀጥላሉ። ሁለት ጊዜ ይሠራል። በሦስተኛውና በአራተኛው ላይ ቀለሙ እየጋለ፣ ፊቱ እየሰባ፣ ጣቶች እየተዋሐዱ ይመጣሉ። ስሕተት በስሕተት ላይ ስለሚቆለል ነው። በየሾቱ ወደ መጀመሪያው ምስል ተመለሱ።

ትዕዛዙ አጭር ይሁን። እንፋሎቱ ቀስ ብሎ ይውጣ፣ ካሜራው በትንሹ ይቅረብ፣ በቃ። ፎቶው ላይ የሌለ እጅ ገብቶ ዕቃ እንዲያነሳ ካዘዛችሁ ስድስት ጣት ያለው እንግዳ ይመጣላችኋል።

ሐ. ስክሪፕት ተቀብለው ክሊፕ የሚገጣጥሙ

ኢንቪዲዮና ፒክቶሪ የዚህ ወገን ናቸው። ሐሳቡን ስትሰጧቸው ስክሪፕት ይጽፋሉ፣ ከቀረጻ ክምችት ክሊፕ ይመርጣሉ፣ ድምፅና ሙዚቃ ያስገባሉ። በእንግሊዝኛ ለሚሠራ ሰው እዚህ ከምናያቸው አምስት መንገዶች ፈጣኑ ይህ ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ የሚታይ ነገር ይሰጣል።

ለእኛ ሁለት ቦታ ይሰበራል። የመጀመሪያው ክምችቱ ነው፤ ስለ ኢትዮጵያ ሲፈለግ ላሊበላ፣ ኦሞና የሰሜን ተራሮች ይመጣሉ እንጂ ሕፃን ታቅፋ በትንሽ ማንኪያ የምታጠጣ እናት በቀላሉ አትገኝም። በምትኳ የአሜሪካ ኩሽና ይገባል። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር መቁረጡ ነው፤ አንዳንዶቹ የላቲኑን ነጥብ እንጂ አራት ነጥብን ስለማያውቁ ሙሉው ስክሪፕት አንድ ትዕይንት ይሆናል። ትዕይንቶቹን በእጅ ለያይታችሁ ለእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ቁልፍ ቃል ስጡት። ይህን ሁሉ ካደረጋችሁ በኋላ ግን ፈጣን ነው ያልነው መንገድ ፈጣን አይደለም።

መ. ተናጋሪ አቫታር

ሄይጄንና ሲንተሲያ ታዋቂዎቹ ናቸው፤ ቆሞ የሚናገር ሰው ይሰጣሉ። ለቋሚ ማስታወቂያ፣ ለሠራተኞች ሥልጠና፣ በየሳምንቱ አንድ ዓይነት መልክ ለሚፈልግ ፕሮግራም ያገለግላሉ። ዘዴው አንድ ነው፦ በጽሑፍ አታናግሯቸው፤ የሰው ድምፅ ቀርጻችሁ ፋይሉን ጫኑ። ከንፈሩ የሚከተለው ድምፁን ስለሆነ ጥብቀቱም ቃናውም የሰው ይሆናል። ከመግዛታችሁ በፊት «አባባ ጳውሎስ ጠረጴዛው ላይ ጳጳሱን አየ» ዓይነት አፍ የሚያስገጥም ዓረፍተ ነገር አስነብቡት፤ በ«በ»ና በ«ጰ» ላይ ከንፈሩ ካልገጠመ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም የሆነ ነገር ይቀፈዋል።

ለእኛ የጤና ቪዲዮ ነጭ ጋዋን የለበሰ አቫታር ማቆም ያጓጓል። አታድርጉት። የሌለ ሐኪም ሆኖ ምክር መስጠት ነው፤ ተመልካቹ ያመነው ጋዋኑን ነው።

ሠ. ቅልቅሉ

ቋሚ ምስሎች፣ የራሳችሁ ድምፅ፣ እንደ ካፕከት ባለ መተግበሪያ ኤዲት፤ ኤአይ የሚገባው ለስክሪፕት ረቂቅ፣ ለአንዳንድ ሥዕልና ቢበዛ ለሁለት ሦስት የሚንቀሳቀሱ ሾቶች ነው። ለብዙው የአማርኛ ሥራ የሚያዋጣው ይኸው ነው።

በአማርኛ ለትረካ በደቂቃ ከ100 እስከ 110 ቃል ይበቃል፤ ለ45 ሰከንድ ከ75 እስከ 82። የእንግሊዝኛ መመሪያዎች የሚሉትን 150 ቃል አትከተሉ፤ የእኛ አንድ ቃል የእነሱን ሦስት ሊሸከም ይችላል። «አልነገርኳችሁም» አንድ ቃል ነው።

ድምፁን ስልኩን የአውሮፕላን ሁኔታ ላይ አድርጋችሁ፣ ፍሪጁን ነቅላችሁ፣ ጋቢ ተከናንባችሁ፣ ከአፋችሁ አንድ ስንዝር አርቃችሁና ትንሽ ወደ ጎን አድርጋችሁ በስልኩ መቅጃ ቅረጹ። በቴሌግራም የድምፅ መልእክት አትቅረጹ፤ ተጨምቆ ይደርቃል። ምስሉን ከድምፁ በኋላ አስገቡ። ድምፁ ልኩን ይሰጣችኋል፤ በየ3 እና 4 ሰከንዱ ምስል ይቀየር፣ ቋሚውም ቀስ ብሎ ይቅረብ ወይም ይራቅ።

ካፕሽኑን፣ ማለትም ከትረካው ጋር ምስሉ ላይ የሚነበበውን ጽሑፍ፣ በእጅ መጻፍን ልመዱት። ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ዊስፐር አማርኛን በዝርዝሩ ቢያካትትም፣ የሚያወጣውን ማረም እንደ አዲስ ከመጻፍ ይበልጥ ያደክማል። ለ45 ሰከንድ ከ12 እስከ 15 ካፕሽን ነው፣ 20 ደቂቃ ሥራ። ፎንቱ ግዕዝ የሌለው ከሆነ ሣጥን ሣጥን ይወጣል፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ስልካችሁ ላይ አውርዳችሁ አስገቡ። በመስመር ከ20 ፊደል አትለፉ፤ ፊደሉ ካነሰ «ሉ»ና «ሊ» አይለዩም። ከቪዲዮው የ1920 ፒክስል ቁመት ከታች ወደ 400 ፒክስል የሚጠጋው ቦታ በቲክቶክና በሪልስ የገጹ ስምና መግለጫ ስለሚያርፍበት ካፕሽኑን ከዚያ በላይ አንሱት።

በአንድ ዓይን

| መንገድ | የአማርኛ ድምፅ | ቁጥርና ልክ | የአገር ነገር | ለ45 ሰከንድ የሚፈጀው | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ሀ. ከጽሑፍ | አይታመንም፣ በላዩ ይቀረጽ | ደካማ | በብዙ ሙከራ | ከ1 እስከ 2 ቀን | ከፍተኛ |
| ለ. ከምስል | በላዩ ይቀረጽ | መካከለኛ | ጥሩ፣ ፎቶው የራስ ከሆነ | ግማሽ ቀን | መካከለኛ |
| ሐ. ገጣጣሚ | የማሽን | ጽሑፉ ይናገራል፣ ምስሉ አያሳይም | ደካማ | ከ2 እስከ 3 ሰዓት ከነእርማቱ | መካከለኛ |
| መ. አቫታር | ጥሩ፣ የሰው ድምፅ ከተጫነ | በቃል ብቻ | አይመለከተውም | 1 ሰዓት | ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ |
| ሠ. ቅልቅል | ከሁሉ የተሻለ | ከሁሉ የተሻለ | ከሁሉ የተሻለ | ከ3 እስከ 4 ሰዓት | ከዜሮ ጀምሮ |

ማን የቱን ይያዝ?

ስልክ ብቻ ያለውና ገንዘብ ማውጣት የማይፈልግ ያለ ማመንታት ቅልቅሉን ይያዝ። በነጻ የሚሰጡትን ክሬዲቶች ለአንድ መክፈቻ ሾት ያስቀምጣቸው፤ የመጀመሪያዎቹ 2 ሰከንዶች ናቸው ተመልካቹን የሚያስቆሙት።

ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ያለው ከምስል ወደ ቪዲዮ የሚለውን ይውሰድ፤ ፎቶው ግን የራሱ ዕቃ ይሁን። በኤአይ የተፈጠረ ቀሚስ አሳይታችሁ ሌላ ብታቀርቡ ደንበኛው ስክሪንሾቱን ይዞ ነው የሚመጣው። ጨርቅ ሲንቀሳቀስ ጥለቱ ስለሚቀልጥ የሐበሻ ልብስ ላይ እንቅስቃሴው በጣም ትንሽ ይሁን።

የሚያስተምር ድርጅት ደግሞ ከድምፅ ባለሙያ ጋር ቅልቅሉን፣ ተደጋጋሚ መልእክት ካለው አቫታሩን ይጠቀም። ምስሎቹን ጽሑፍ ሳይገባባቸው ለየብቻ ያስቀምጥ፤ ነገ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ሲፈለግ ድምፁንና ካፕሽኑን ብቻ መቀየር ይበቃል።

ፊት የማያሳዩ የታሪክ ቻናሎች ከጽሑፍ ወደ ቪዲዮ ይሳባሉ፣ ብዙ የሚሳሳቱትም እነሱ ናቸው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተሰለፈውን ጦር የአውሮፓ ጥሩር አልብሶ የሚያመጣ ሞዴል አለ። ሥዕል የሚመስል ሥዕል ሥሩ፣ የዘመኑ ፎቶ የሚመስል ሐሰተኛ ፎቶ ግን አትሥሩ። ዩቲዩብ ከማርች 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እውነት መስሎ የተፈጠረ ይዘት እንዲገለጽ ይጠይቃል፤ ቲክቶክም ምልክት ያስደርጋል። የታወቀ ሰው ድምፅ ቀድቶ ያላለውን ማስባል ደግሞ ከመድረኮቹ ሕግ አልፎ ወደ አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ ማለትም ወደ ጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ ሕጉ ሊያደርስ ይችላል።

ክፍያውን በተመለከተ አብዛኞቹ በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ይፈልጋሉ። ቨርጂኒያ ያለ ዘመድ በካርዱ ቢከፍልላችሁ አካውንቱ በእናንተ ኢሜይል ይከፈት፤ አለበለዚያ እናንተ ጠዋት ለሥራ ስትቀመጡ የማረጋገጫ ኮዱ እሱ ተኝቶ እያለ ስልኩ ላይ ይገባል። የአንድ ወር ብቻ ግዙ፣ የዓመቱ ቅናሽ አያታልላችሁ፤ በየወሩ አዲስ ሞዴል በሚወጣበት ገበያ 12 ወር ረጅም ነው። በገዛችሁበት ዕለት ራሱን እንዳያድስ ሰርዙት፤ በአብዛኞቹ ዘንድ የከፈላችሁበት ወር እስኪያልቅ ይሠራል። የነጻው ደረጃ ለንግድ ይፈቀድ እንደሆነና ዋተርማርክ (ምስሉ ላይ የሚታተም የመሣሪያው ምልክት) ይኑረው አይኑረው ከመሥራታችሁ በፊት ውሉ ላይ አንብቡ።

ሲያልቅ በ1080 በ1920 ፒክስል፣ በሴኮንድ 30 ፍሬም፣ በኤምፒ4 አውጡት። ለቴሌግራም በሴኮንድ 3 ሜጋቢት የሆነ ሌላ ቅጂ ጨምሩ፤ 17 ሜጋባይት አካባቢ ይሆንና ደካማ ኔትወርክ ላይም ይከፈታል። ከመልቀቃችሁ በፊት አንድ ጊዜ ድምፁን ዘግታችሁ እዩት፣ አንድ ጊዜ ስልኩን ገልብጣችሁ አዳምጡት። ከዚያ ሥራውን ለማያውቅ ሰው አሳዩትና ስንት ማንኪያ ስኳር፣ ስንት ማንኪያ ጨው እንደሆነ ጠይቁት። ጨው ላይ «ግማሽ» ሳይል «አንድ» ካለ፣ ያንን ሾት እንደገና ሥሩ።